ከትሮምሶ እስከ ኪርኬነስ፦ 424 ኪሎ ሜትር በስንት ሰዓት ያልቃል?

ቅዳሜ፣ ትሮምሶ

አገር ቤት ሳለሁ እንጀራዬ ቅየሳ ነበር። ኦስሎ ከገባሁ ወዲህ ሥራዬ ቢለወጥም አመሌ አልተለወጠም፤ ሁለት ነጥብ ካየሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሳላሰላ እንቅልፍ አይወስደኝም። በዚህ መጋቢት ዕረፍት ወስጄ ከትሮምሶ ወደ ኪርኬነስ ለመብረር የተነሣሁትም በዚሁ አመል ነው። ሁለቱም ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያሉ የኖርዌይ አውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው። ኬክሮሳቸው እኩል ሊባል ጥቂት የቀረው ነው፤ ትሮምሶ 69.68 ዲግሪ ሰሜን፣ ኪርኬነስ 69.73። የሚለያያቸው ኬንትሮስ ነው፦ አንዱ 18.9 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሌላው 29.9። በመካከላቸው 11 ዲግሪ አለ።

በእኛ አገር 11 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ኬክሮስ አንዱ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ 11 ዲግሪ መጓዝ ማለት ከጋምቤላ ተነሥቶ ጅግጅጋን አልፎ ሐርጌሳንም ወደ ኋላ መተው ነው። ሰሜን ላይ ግን የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ፣ አንዱ ዲግሪ 39 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በምድር ጥምዝ ላይ አጭሩን መንገድ ሳሰላው 424 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣልኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው የዓለም ካርታ ይህን አካባቢ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚለጥጠው፣ ተመልካቹ ኪርኬነስ ያለችበትን የኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍለ ሀገር፣ ፊንማርክን፣ የአህጉር ቁራጭ አድርጎ ቢያስባት አልፈርድበትም። ትልቅነቷ ግን ጭራሽ ውሸት አይደለም፤ ፊንማርክ ከዴንማርክ ትሰፋለች፤ ነዋሪዋ 75,000 ያህል ብቻ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ ደግሞ 11 ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ በስንት ሰዓት? በመኪና የሚሄድ ሰው ፊዮርዶቹን፣ ማለት ወደ የብስ ዘልቀው የገቡትን ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ እየዞረ ወይም በፊንላንድ በኩል እያቋረጠ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሙሉ ቀን ነው። የባሕር ዳርቻው የፖስታ መርከብ ዛሬ ማታ ከትሮምሶ ቢነሣ ኪርኬነስ የሚደርሰው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። በአየር ሁለት ምርጫ አለ። ቀጥታ የሚሄደው በረራ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። ሌላው በየመንደሩ እያረፈ፣ ሰው እያወረደና እየጫነ የሚሄደው ነው። አስተዋይ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። እኔ ለመሄጃ ሁለተኛውን፣ ለመመለሻ ቀጥታውን ቆረጥኩ፤ ማነጻጸር ፈልጌ።

ስለ ትሮምሶ ከተማ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ሁሉም ስለ ሰሜን ብርሃን ነው። እኔ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ አደረ፤ አልተቆጨሁም።

እሑድ፣ ሀመርፌስት

አውሮፕላኑ ዳሽ 8 ነው፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ ባለ 39 መቀመጫ፣ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ የሆነ። በአገር ውስጥ በረራ ባሕር ዳር ወይም ጅማ የሄደ ሰው ቦምባርዲየር ብሎ የሚያውቀው ኪው-400 የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ከዳሽ በፊት በእነዚህ መንደሮች ይመላለስ የነበረው ትዊን ኦተር ነበር፤ እርሱም በእኛ አገር የሣር ማረፊያዎች የሠራ አውሮፕላን ነው። የካናዳው ፋብሪካ ሁለቱንም የሠራቸው በአጭር ሜዳ ተነሥተው በአጭር ሜዳ እንዲያርፉ ስለሆነ፣ ተራራና መንደር የበዛበት አገር ሁሉ ገዛቸው።

ትሮምሶ ላይ ከመነሣታችን በፊት ክንፉን በረዶ ማቅለጫ ፈሳሽ አጠቡት። በሩ ከተዘጋ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል በዚህ ሄደ። እነዚህን ደቂቃዎች የርቀት ማስያ አያውቃቸውም፤ የሰዓት ሰሌዳው ግን ያውቃቸዋል፤ ለዚህም ነው እስከ ሀመርፌስት 211 ኪሎ ሜትር ለሆነችው የመጀመሪያ ጉዞ ከአርባ ደቂቃ በላይ የሚመደብላት። ዳሽ 8 በሰዓት 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ በዚያ ፍጥነት 211 ኪሎ ሜትር 26 ደቂቃ ነው። የቀረው ለመንደርደር፣ ከፍታ ለመያዝ፣ ለመውረድና ከነፋሱ ጋር ለመስተካከል የሚከፈል ነው። ይህ ክፍያ ለ200 ኪሎ ሜትርም ለ2,000 ኪሎ ሜትርም ያው ማለት ይቻላል። አጭር በረራ የሚያስከፋው እዚህ ላይ ነው።

የሀመርፌስት ማኮብኮቢያ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቦሌ ላይ ያለው ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ አብራሪው ቀልድ አያውቅም፤ ደረትህ ከቀበቶው ጋር ይላተማል፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋበትን አቅጣጫ ቀይሮ ይጮኻል፤ ከዚያ አንድ የብስክሌት መንገድ ላይ የቆምክ ይመስል ሁሉም ጸጥ ይላል። ተሳፋሪዎቹ ከስልካቸው ቀና አላሉም።

ከተማዋ በእሑድነቷ ዝግ ነበረች። እኔም የመጣሁት ለከተማዋ አልነበረም፤ ፉግለነስ በሚባለው የወደቡ ማዶ ስለቆመው ዓምድ ነው። ቀያሽ ሆኖ ሀመርፌስት የደረሰ ሰው ዓምዱን ሳያይ ቢመለስ ላሊበላ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም እንደመጣ ይቆጠርበታል። ቀይ የድንጋይ ዓምድ ነው፤ አናቱ ላይ የምድር ሉል አለ። ፍሪድሪኽ ጌዮርግ ቪልሄልም ሽትሩቬ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የመራው ታላቅ ልኬት ሰሜናዊ ጫፍ እዚህ ነው። ልኬቱ እ.ኤ.አ. ከ1816 እስከ 1855 ፈጀ፤ ከዚህ ተነሥቶ ጥቁር ባሕር አጠገብ እስካለው የዳኑብ ዳርቻ፣ 2,820 ኪሎ ሜትር። ዛሬ መስመሩ አሥር አገሮችን ያቋርጣል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አርባ ዓመት ለአንድ መስመር! ግን ሰዎቹ ገመድ ይዘው አልተጓዙም። ጥቂት አጫጭር መነሻዎችን በብረት ዘንግ በጥንቃቄ ለኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እያዩ፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ እየቀጠሉ በማዕዘን ልኬት ደረሱበት። ማወቅ የፈለጉት መሬት ወደ ዋልታዋ ምን ያህል እንደተጨፈለቀች ነው። መልሱ ለዛሬው በረራ ሒሳብም ይገባል፦ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ኢትዮጵያ ላይ 110.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን እዚህ 111.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኪሎ ሜትር የማይሞላ ልዩነት፤ ሰው ዕድሜውን የሰጠበት።

ይህ ሥራ ወደ እኛም የሚመጣ ክር አለው። በኋላ ዘመን በአፍሪካ ላይ በ30ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ አጠገብ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግብፅ ተመሳሳይ የልኬት መስመር ተዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተጠናቀቀ። በወጣትነቴ የያዝኳቸው የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ጠርዝ ላይ «አዲንዳን» የሚል ስም ነበር፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የልኬት ጣቢያ ነው፤ ካርታዎቻችን ቦታቸውን የሚቆጥሩት ከእርሱ ነበር። ኪርኬነስም ያለችው በዚያው በ30ኛው ኬንትሮስ ላይ ነው። ከዚያች ከተማ ቀጥታ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው እስክንድርያ አጠገብ አፍሪካን ይነካል።

ማታ የሆቴሉ ምግብ ቤት ያቀረበው ዓሣ፣ ዓሣና የአጋዘን ሥጋ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ከማንም ጋር መክፈት አልችልም፤ ድንች በዘይት አስጠብሼ በላሁ።

ስለ ሀመርፌስት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1944 መገባደጃ የጀርመን ጦር ከፊንማርክ ሲያፈገፍግ ያገኘውን ሁሉ አቃጠለ፤ በዚህች ከተማ ቆሞ የቀረው የመቃብር ሥፍራው ጸሎት ቤት ብቻ ነው። አሁን የሚታየው ቤት ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

ሰኞ፣ መሃምን፣ ቦትስፊዮርድ፣ ቫድሶ

የዛሬው ቲኬት ሀመርፌስት፣ መሃምን፣ በርለቮግ፣ ቦትስፊዮርድ፣ ቫድሶ፣ ኪርኬነስ ይላል። ሌሊት ያሰላኋቸው የአየር ርቀቶች በተራ 157፣ 47፣ 39፣ 60 እና 38 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ ሲደመሩ 341። ከ10፡10 ተነሥተን 12፡40 ኪርኬነስ እንገባለን ተብሏል። (ሰዓቱን የምጽፈው ቲኬቱ ላይ እንዳለው በኖርዌይ አቆጣጠር ነው።) አካፍሉት፤ በሰዓት 136 ኪሎ ሜትር ይወጣል። አስፋልት ላይ የሚሮጥ መኪና የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

ከላይ ሲታይ መሬቱ ዛፍ የለበትም፤ ነጭ ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ባሕሩ በጥቁር ጣት የሰነጠቀው። መሃምን ከ71 ዲግሪ በላይ ናት፤ የአውሮፓ አህጉር ዋና መሬት ከዚህ ትንሽ አልፎ ያበቃል። ማረፊያው አንድ ትንሽ ቤት፣ አንድ የበረዶ መጥረጊያ፣ የነፋስ ማመልከቻ ከረጢትና የሚጠባበቁ አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ሻንጣ ያወረደው ሠራተኛ ቆይቶ የመሳፈሪያ ወረቀት ሲመለከት አየሁት፤ ከዚያ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪናው ውስጥ ገባ። ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተመልሰን አየር ላይ ነበርን።

የአካባቢው ሰው ስለ መሃምን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1982 አንድ ትዊን ኦተር ከዚህ ማዶ ባሕር ውስጥ ወድቆ የነበሩት 15 ሰዎች ሁሉ አልቀዋል። ምክንያቱ ደጋግሞ ተመርምሯል፤ ክርክሩ ግን በሕዝቡ ዘንድ አልተዘጋም።

ከመሃምን በርለቮግ 47 ኪሎ ሜትር ነው። ገና ከፍታ ሳንይዝ መውረድ ጀመርን። ከጎን የሚመጣው ነፋስ አውሮፕላኑን እያንገዋለለው ማኮብኮቢያውን በመስኮት በኩል፣ አፍንጫችን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ፣ በግልጽ አየሁት። ከዚያ ሞተሩ አገሳ፤ ወደ ላይ ወጣን። አብራሪዋ በተረጋጋ ድምፅ ነፋሱ ከተፈቀደው በላይ መሆኑንና ወደ ቦትስፊዮርድ እንደምንቀጥል ተናገረች። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አሮጊት በርለቮግ ወራጅ ነበሩ፤ ትሮምሶ ሆስፒታል ለዓይናቸው ታክመው ሲመለሱ ነው። መንደራቸውን በመስኮት አይተው አለፏት። «እንግዲህ ታክሲ» አሉና ሹራባቸውን መሥራት ቀጠሉ። በአየር 39 ኪሎ ሜትር የሆነው ከቦትስፊዮርድ ወደ በርለቮግ የሚወስደው መንገድ በተራራው ላይ ዞሮ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ማዕበል ሲሆን ደግሞ የበረዶ መጥረጊያ ቀድሞ፣ መኪኖች በአጀብ ተከትለው ብቻ ይሻገሩታል። ያም ካልሆነ ይዘጋል። ሴትየዋ ሁሉንም ያውቁታል፤ ከእኔ በቀር በአውሮፕላኑ ውስጥ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

ቦትስፊዮርድ ላይ አንድ ወጣት ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ገና ቀበቶውን ሳያስር፣

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለኝ።

«ነኝ እንጂ። አንተስ እዚህ ምን አመጣህ?»

«ዓሣ» አለና ሳቀ። የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ይህች መንደር በኮድና በሸርጣን የምትኖር ስትሆን ሠራተኛዋ ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው። ኪርኬነስ ሆስፒታል የጆሮ ቀጠሮ እንዳለው ነገረኝ።

«ስንት ሰዓት ነው ቀጠሮህ?»

«ነገ ነው፣ ጋሼ። እዚህ በዕለቱ የሚሄድ የለም። ባለፈው ክረምት ጓደኛዬ በዕለቱ እሄዳለሁ ብሎ፣ አውሮፕላኑ ሳያርፍ በላያችን አለፈ። አዲስ ቀጠሮ የተሰጠው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

ከዚህ ልጅ የተማርኩት የሰዓት ሰሌዳው ላይ የለም። በካርታው መሠረት የእርሱ ጉዞ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እርሱ ግን ሁለት ቀን ይመድብለታል። ለበጋ ደግሞ አንድ ቀን ይበቃዋል። ርቀቱ አልተለወጠም።

እነዚህ አጫጭር ማኮብኮቢያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። መንግሥት አስቦበት ያደረገው ነው፤ መንደሮቹ እንዳይራቆቱ። ዛሬም መስመሮቹ በገበያ ሕግ ብቻ ቢተዉ የሚበርባቸው አይገኝም፤ መንግሥት በጨረታ የበረራውን ብዛትና የወንበሩን ቁጥር ወስኖ ድጎማ ይከፍላል። ለዚህም ነው የሰዓት ሰሌዳው ለእንደኔ ዓይነቱ አገር ጎብኚ የማይመቸው፦ የተሠራው ጠዋት ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ፣ ማታ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ነው። አውሮፕላኑ ትሮምሶንና ኪርኬነስን ለማገናኘት የሚሄድ አይደለም፤ ሁለቱ ከተሞች የመስመሩ ዳርና ዳር ስለሆኑ ብቻ ነው ስማቸው ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው። መሥመሩ የመካከለኞቹ ነው።

ከቫድሶ ወደ ኪርኬነስ የሚደረገው በረራ በዚህ ጉዞ ከሁሉ አጭሩ ነው፤ 38 ኪሎ ሜትር። የቫራንገር ፊዮርድን ተሻግሮ ማዶ መውረድ ብቻ። በመኪና የሚሄድ ግን ፊዮርዱን ዞሮ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። አስተናጋጇ ተነሥታ ጊዜ አላጠፋችም፤ ከመቀመጫዋ ሆና «ልንደርስ ነው» ያለችው ከመሬት በተነሣን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። በርለቮግ ላይ ሳናርፍ በመቅረታችን በርለቮግ ላይ ሊጠፋ የነበረውን ጊዜ አተረፍን፤ ከሰዓት ሰሌዳው ስምንት ደቂቃ ቀድመን ገባን። አሮጊቷን አሰብኩ፤ የእኛ ትርፍ ከእርሳቸው ኪስ የወጣ ነው።

ማክሰኞ፣ ኪርኬነስ

አውሮፕላን ማረፊያው ሆይቡክትሞን ይባላል፤ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ናቸው። የሩሲያን የሰሜን ወደብ ሙርማንስክን ለመያዝ የዘመቱት ከዚህ ስለነበር፣ ከተማዋ ከ300 በላይ የአየር ጥቃት ወርዶባታል። ሕዝቡ በየዋሻው ተጠለለ። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1944 ሲገባ የጠበቀው ፍርስራሽ ነበር። ሙርማንስክ ከዚህ በቀጥታ መስመር 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከትሮምሶ በሦስት እጥፍ ያህል ትቀርባለች። የመንገድ ምልክቶች ላይ የሩሲያ ፊደል አሁንም አለ፤ ከሩሲያ የሚመጣው ገበያተኛ ግን እንደ ቀድሞው የለም።

ሌሊት ተነሥቼ ስልኬን ባየው ሁለት ሰዓት ዘልሎ ነበር። ነዋሪዎቹ የለመዱት ነገር ነው፤ ስልክ ከድንበር ማዶ ያለውን ማማ ከያዘ የማዶውን ሰዓት ያሳያል። በዚህ ወር ኖርዌይ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በአንድ፣ ፊንላንድ በሁለት፣ ሩሲያ በሦስት ትቀድማለች። ሦስቱ ድንበሮች የሚገናኙት ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። የሙርማንስክ ሰዓት ደግሞ የአዲስ አበባ ሰዓት ነውና፣ ስልኬ ሳያስበው የእናቴን ሰዓት አሳየኝ። ደወልኩላት፤ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን እየፈለገች ነበር።

ሰዓቱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ፀሐይ ግን ኬንትሮስን አትረሳም። ትሮምሶና ኪርኬነስ በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ቢተዳደሩም፣ 11 ዲግሪው በ4 ደቂቃ ሲባዛ 44 ደቂቃ ነው። ትሮምሶ ላይ ፀሐይ የወጣችው ወደ 6፡00 ገደማ ነበር፤ እዚህ ከ5፡00 ጥቂት አልፎ መስኮቴን አበራችው። በመጋቢት አጋማሽ ቀንና ሌሊቱ እኩል ወደ መሆን ስለተቃረበ፣ የቀኑ ርዝመት በእኛ አገር የለመድኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በታኅሣሥ ብመጣ ፀሐይን ጭራሽ አላይም ነበር። ቀትር ላይ በረዶው ላይ ቆሜ ጥላዬን ተመለከትኩ፤ ከቁመቴ እጥፍ በላይ ይረዝማል።

ረቡዕ፣ ወደ ትሮምሶ በቀጥታ

የመመለሻው በረራ 16፡50 ተነሣ። ቀጥታ ነው፤ መንደር የለ፣ ማረፍ የለ። አቅጣጫው ምዕራብ፣ ነፋሱ ከፊት።

ይህን ሰዓት የመረጥኩት አንድ ሒሳብ በዓይኔ ለማየት ነው። መሬት ስትዞር የምድር ወገብ ላይ ያለ ሰው በሰዓት ከ1,670 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በአዲስ አበባ ኬክሮስም ከ1,600 በላይ ነው፤ የትኛውም የዛሬ መንገደኛ አውሮፕላን ፀሐይን አይከተላትም። እዚህ ኬክሮስ ላይ ግን ፍጥነቱ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ490 የሚበር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፀሐይን ሊይዛት ጥቂት ይቀረዋል። እንደተሰላውም ሆነ፤ ስንነሣ ልትጠልቅ የነበረችው ፀሐይ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥላ መንገዱን ሙሉ አብራን ሄደች። ከጎኔ የተቀመጠው የማዕድን ቴክኒሻን መጋረጃ የሌለው መስኮት መሆኑን እየረገመ ዓይኑን በኮፍያው ሸፈነ።

18፡02 ትሮምሶ አረፍን፤ አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 353 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ የሰኞው በሰዓት ሰሌዳው መሠረት 136 ነበር። ርቀት ብቻ የሚጠይቅ ሰው መልሱ 424 ነው። መቼ እደርሳለሁ የሚል ግን ቲኬቱ ላይ ስንት ማረፊያ እንዳለ ይቁጠር፤ ለእያንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ይያዝላት። በክረምት የሚሄድ የዕለቱን የመጨረሻ በረራ አይቁረጥ፤ እርሱ ከተሰረዘ ማደር ግድ ነው። ወደ ኦስሎ የሚቀጥል ከሆነም ትሮምሶ ላይ ሦስት ሰዓት ይተው። በቀኝ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ ያለው መቀመጫ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ባሕሩን አያሳይም፤ የግራውን ጠይቁ።